ቤት የምትቀረውንም ላኩ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን እዚህ ሐዋሳ፣ ለወንጌል ሥራ ወደ ውጭ አገር መሄድ የሚፈልጉ ወጣቶች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ልምዴን እንዳካፍል ተጋብዤ ነበር። ስለ ኒጀር ሙቀት፣ ስለ ቋንቋው፣ ስለ ክሊኒኩ አወራሁ፤ እንደ ልማዴ ሰዓቱንም አሳለፍኩ። ጥያቄ ሲፈቀድ አንዲት ልጅ ከኋላ ተነሣችና «ሲስተር፣ እርስዎ እዚያ የሰው እናት ሲያክሙ የእርስዎን እናት ማን ያስታምምልዎት ነበር?» አለችኝ። «እግዚአብሔር ነዋ!» ብዬ መለስኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ልጅቷ ግን ሳታጨበጭብ ተቀመጠች።

የመለስኩት ሐሰት አይደለም። የተጠየቅኩት ግን እሱን አልነበረም፤ እኔም አውቄዋለሁ፣ ልጅቷም አውቃዋለች። ማታ ቤት ገብቼ እራት ስንበላ ታናሽ እህቴን ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ። እናታችንን ያስታመመችው እሷ ናትና። ስለዚህ ያን ዕለት የዘለልኩትን መልስ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ስለ ጸሎትና ስለ ቃሉ ጥናት ምክር የምትጠብቁ ካላችሁ እዚህ አታገኙም። እሱ የሌለው ሰው ለመሄድ ከተነሣ መጀመሪያ ከአጥቢያው ሽማግሌዎች ጋር ይነጋገር። ስለ ቪዛና ስለ ክትባትም አልጽፍም፤ እሱን ከእኔ ይልቅ ስልካችሁ ያውቀዋል። በነገራችን ላይ በዚያ አዳራሽ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ደመወዝና ስለ ኢንተርኔት ነበሩ። አልተቆጣሁም። ትንሽ ግን ደንግጫለሁ።

ነርስነትን የተማርኩት በደርግ ዘመን ነው። ይርጋለም ለተግባር ልምምድ ስንወጣ የኖርዌይ ሚሲዮናውያን ነርሶች አብረውን ይሠሩ ነበር። ከእነሱ አንዷን እስከ ዛሬ አልረሳትም። አንድ ጠዋት ከአገሯ ደብዳቤ መጣላት። ቆማ አነበበችው፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው፣ ከዚያ ወደ ማዋለጃው ክፍል ገብታ እስከ ማታ ሠራች። እናቷ ማረፏን የሚናገር ደብዳቤ እንደ ነበር የሰማነው በማግሥቱ ነው፤ እስኪደርሳት ድረስ ከቀብሩ ሳምንታት አልፈው ነበር። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ጥሪ ማለት ይኼ ነው ብዬ ተደነቅሁ፤ እንደሷ ለመሆንም ተመኘሁ። ያን ደብዳቤ ማን ተቀምጦ እንደ ጻፈው፣ ከመጻፉ በፊትስ ማን አስታምሞ ማን እንደ ቀበረ ለመጠየቅ ግን አልመጣልኝም። ለረጅም ዓመታት አልመጣልኝም።

ወደ ኒጀር የሄድኩት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ኒጀር ስል ናይጄሪያ የሚሰማው ሰው ብዙ ስለሆነ ላስረዳ፦ ከናይጄሪያ በስተሰሜን ያለች፣ አብዛኛው መሬቷ ሰሃራ የሆነ፣ በ1952 ዓ.ም ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነፃ የወጣች፣ ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሙስሊም የሆነ አገር ናት። እኔ የኖርኩት በደቡብ፣ ከማራዲ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። መጀመሪያ ፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎ ሐውሳ ተማርኩ። ፈረንሳይኛው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር፤ በሽተኛ የሚናገረው ሐውሳ ነው። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት እንደ ሕፃን አፏን ስትፈታ፣ የሰፈር ልጆች ከበው ሲስቁባት፣ ትሕትናን ሳትወድ ትማራለች።

ሚሲዮናዊነት ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ስብከት ነው። የእኔ ቀን የሚያልቀው ግን በሌላ ነገር ነበር። ጠዋት ውኃ መቅዳት፣ ጄኔሬተሩ እንቢ ሲል ነዳጅ መፈለግ፣ የክሊኒኩን ወረፋ ማስተካከል፣ ከሰዓት በኋላ የወለዱ ሴቶችን ቤት ለቤት መጠየቅ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የምንተኛው ግቢ ውስጥ ነበር። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ሐርማታን የሚሉት ነፋስ ከሰሃራ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ አልጋ ውስጥ፣ ሻይ ውስጥ፣ ጥርስ መካከል ይገባል። የሐይቅ ነፋስ ለለመደ የሐዋሳ ሰው ይኼ ቅጣት ነው። እንጀራ በማሽላ ዱቄት ሞክሬ ነበር፤ ዓይን አወጣ፣ ግን ሲታጠፍ ይሰባበራል። የቡናው ናፍቆት ያልጠናብኝ በጎረቤቶቼ ምክንያት ነው። እነሱም እንደኛው በከሰል ላይ ሦስት ዙር ያፈላሉ፤ የሚያፈሉት አረንጓዴ ሻይ ነው፣ ስኳሩ የበዛ፤ ሦስተኛውን ሳይጠጡ መነሣት እዚያም ነውር ነው። ስለ ጌታዬ የተናገርኩት ነገር ሁሉ የተነገረው በሻይ ዙሪያ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም።

በ1997 ዓ.ም ክረምት ረሃብ ገባ። ባለፈው ዓመት ዝናቡ ቶሎ አቋርጦ አንበጣም መጥቶ ስለ ነበር ጎተራው ቀድሞ አለቀ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው በር ላይ ያድሩ ነበር። የልጁን ክንድ በባለ ቀለም ሜትር ለክተን ቀይ ላይ ከወደቀ እንመዘግባለን። ያን ዓመት ድንበር የለሽ ሐኪሞች በኒጀር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን ያከሙበት፣ ዛሬ እናንተም በየጤና ጣቢያው የምታውቁት የለውዝ ቅቤ፣ ፕላምፒነት፣ እናት ቤቷ ወስዳ ልታበላው የምትችል መድኃኒት ስለሆነ ብዙ ነፍስ ተረፈ። ይህን የማወራችሁ ሥራው ከንቱ እንዳልነበረ እንድታውቁልኝ ነው። ቀጥሎ የምነግራችሁን ስትሰሙ «እንግዲያው መሄድ ስሕተት ነው» እንዳትሉ።

በማግሥቱ ዓመት እናታችን ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ ሙሉ በሙሉ ዛለ። እህቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ አላገባችም፣ እኔም አላገባሁም። ሁለታችንም ባለ ሙያ፣ ሁለታችንም ያለ ባልና ያለ ልጅ፤ ልዩነታችን አንዳችን በጥሪ፣ አንዳችን እንዲሁ መኖራችን ነው። የዚያን ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው፤ በቃል ተናግሬው ባላውቅም።

ለዕረፍት የመጣሁት ለሚሌኒየሙ ነው። ከተማው በመብራትና በባንዲራ አጊጧል፤ ባጃጁ በዝቷል፤ ሰፈራችን ያለው መንገድ ተቆፍሯል። ዶሮ ታረደ። የሲዳማ ጎረቤቶቻችን በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ ይዘው መጡ። ሁሉም «ጠቁረሻል፣ ከስተሻል» አለ። የአጎቴ ልጅ ወደ ጎን ወስዶኝ እዚያ ሥራ እንዳገኝለት ለመነኝ፤ የምኖርበት አገር ከእኛ የባሰ ድሃ ነው ብለው አላመነኝም፤ ሰው «ውጭ አገር» ከተባለ ዶላር ብቻ ነው የሚታየው። የጎረቤት ሴቶች ከማራዲ ያመጣሁትን ባለ ቀለም ጨርቅ እያገላበጡ ዋጋ ጠየቁ። አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ በላሁ፤ አቤት ያ ዓሣ! ኒጀር ወንዝም ዓሣ አለው፣ ይቅር ይበለኝ እንጂ አይደርስበትም።

ከዚያ ዙር ጀመርኩ። ዕረፍት የመጣ ሚሲዮናዊ የሚያርፈው በስም ነው። የላኩኝ አጥቢያዎች ሪፖርት ይጠብቃሉ፦ ዲላ፣ ይርጋለም፣ ወንዶ ገነት፣ ሻሸመኔ፣ አዲስ አበባ። ፎቶዎቼን በፕሮጀክተር አሳያለሁ፤ የከሳው ልጅ፣ ከዚያ ያው ልጅ ወፍሮ። ሰው ያለቅሳል፣ ይጸልያል፣ ይሰጣል። አንድ ቦታ ሽማግሌ ተነሥተው ጋቢ አለበሱኝ። ማታ ቤት ስመጣ እህቴ ውኃ አሙቃ ትጠብቀኛለች፤ እግሬን ታጥቤ፣ በልቼ እተኛለሁ። እንግዳ ነበርኩ።

እሷ ሌሊት እናታችንን በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣት ነበር። የስልክ ደወል እማዬን ያስደነግጣታል ብላ በሌላ ነገር ተክታዋለች። የመጀመሪያውን ሬዲዮ ሲዘጋ፣ ቀጥሎ እንቅልፏን ገድላ በግምት፣ ከዚያ የአረብ ሰፈር አዛን ሲሰማ፣ ከዚያ የገብርኤል ቅዳሴ ሲጀመር። አንድ ቀን እንደ ነርስ የእማዬን ጀርባ ገልጬ አየሁ። አንድ ቁስል የለም፤ ተረከዟ ላይ እንኳ መቅላት የለም። እንደዚያ የተኛ ሰው ለዓመታት ቆዳው ሳይላጥ ሲቆይ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ነርስ በየፈረቃው ባለበት ሆስፒታልም ጭምር። «ጎበዝ! ማን አስተማረሽ?» አልኳት። «ማንም» አለች። እኔም ተመልሼ ተኛሁ።

መሄጃዬ ሲቃረብ አንድ ሌሊት አብረን ስናገላብጣት፣ አንሶላውን እያስተካከለች፣ ፊቷን ሳታዞር «እትዬ፣ እስከ ፋሲካ ብትቆዪልኝስ?» አለችኝ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ምንም። እንዲሁ።»

ምክንያት ደረደርኩ። ትኬቱ ተቆርጧል። የማጅራት ገትር ወቅት እየመጣ ነው፤ ከጥር በኋላ አቧራው ሲበረታ ወረርሽኙ ይነሣል፣ ክሊኒኩ ውስጥ ከእኔ ሌላ ያለችው አንዲት ነርስ ናት። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም። እኔ ግን ጥቅስ ጨመርኩበት፤ ማቴዎስ 10፥37፣ ከእኔ ይልቅ አባቱን ወይም እናቱን የሚወድ የሚለውን። በሌሊት፣ ሽንት የነካው አንሶላ በእጇ ለያዘች ሴት።

እህቴ አንሶላውን ገንዳው ውስጥ ጨመረችው። «አንቺንስ ሕዝብ እጁን ጭኖ ልኮሻል» አለች። «እኔን እዚህ ማን አስቀመጠኝ?»

«እግዚአብሔር ነዋ» አልኳት።

ያቺ ልጅ አዳራሹ ውስጥ ስትጠይቀኝ ከአፌ የወጣው ያው መልስ ነው። ይኼን ያህል ዘመን ቆይቶ፣ ምንም ሳይለወጥ።

ወደ ኒጀር ተመለስኩ። የማጅራት ገትሩም መጣ። በተለይ ቀጥሎ የመጣው ዓመት፣ 2001 ዓ.ም፣ በኒጀርና በሰሜን ናይጄሪያ ከባድ ነበር። ያን ጊዜ በወረርሽኝ ወቅት የምንሰጠው ዘይት የተቀላቀለበት ክሎራምፌኒኮል ነበር፤ አንድ መርፌ፣ ጡንቻ ላይ። አንገቱ የደረቀ፣ ራሱን የማያውቅ ልጅ ይመጣል፤ ወግተን እንጠብቃለን፤ አንዳንዱ በሁለተኛው ቀን ውኃ ይጠይቃል። ከዚያ ሜንአፍሪቫክ የሚሉት ክትባት በ2003 ዓ.ም ኒጀር ገባና ኤ የሚባለው ዋነኛው የማጅራት ገትር ዓይነት እያደር ጠፋ ማለት ይቻላል። እኔ ባልመለስ ኖሮ እነዚያ ልጆች ምን ይሆኑ ነበር? ሌላ ነርስ ይላክ ነበር ትሉኛላችሁ። አይላክም ነበር። አውቀዋለሁ። ስለዚህ ብቆይ ይሻል ነበር ብዬ አልምልላችሁም፤ ዛሬም ያው ምርጫ ቢመጣ የምሄድ ይመስለኛል። ይህን ጽፌ ደግሞ ከላይ የጻፍኩትን ሳነብ ራሴን እታዘባለሁ።

እማዬ ያረፈችው ከዚያ በኋላ፣ እኔ በሌለሁበት ነው። እኛ አገር መርዶ በስልክ እንደማይነገር ታውቃላችሁ፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ አጠገብ ሆኖ ነው። ማራዲ አካባቢ ከእኔ በቀር ኢትዮጵያዊ አልነበረም። እህቴ ምን አደረገች መሰላችሁ? ሬሳው ገና ቤታችን ውስጥ ተኝቶ፣ ድንኳን እየተተከለ፣ የክሊኒኩን ኃላፊ ስልክ ፈልጋ ደወለችለት። በዚያች በመምህርት እንግሊዝኛዋ ሦስት ነገር አዘዘችው፦ ሥራ ላይ እያለች አትንገራት፣ እራት ሳትበላ አትንገራት፣ ብቻዋን እያለች አትንገራት። ኃላፊው ባዕድ ሰው ነው፤ ግን አንዱንም አላፈረሰም። የጎረቤት ሴቶችን ጠራ፤ እነሱም ስበላ ዝም ብለው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ለምን እንደ መጡ የገባኝ ሳህኑ ሲነሣ ነው።

ሐዋሳ ስደርስ ድንኳኑ ተነሥቷል። እህቴ ጥቁር ለብሳ የእድሩን ብርጭቆ ትቆጥራለች፤ አንዱ ጠፍቷል፣ እሱን ነው የምትፈልገው። አብራት የምትቆጥረው ጎረቤታችን፣ እንደ እናት ያሳደገችን ሴት፣ እህቴ ወደ ጓዳ ስትገባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያኔ እስከ ፋሲካ ብትቆዪላት ጥሩ ነበር፤ ቀጠሮ ነበራት እኮ» አለችኝ።

«የምን ቀጠሮ?»

«የአንገቷ ነዋ።»

እንቅርት ነበረባት። በእኛ አካባቢ እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ የአዮዲን እጥረት እንደሚያመጣው ተማሪ እያለሁ ጀምሮ ሳስተምር የኖርኩት ነገር ነው፤ ገበያ ውስጥ የማላውቃትን ሴት አንገት በሩቅ አይቼ «ሐኪም ቤት ሂጂ» የምል ሰው ነኝ። ያን ሰሞን እህቴ በዚያ ሙቀት ሻሽ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ስትውል ስታድር ለወራት አብሬያት ኖሬያለሁ። አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ተራ ደርሷት ነበር፤ ከዚያ በኋላም ለተወሰኑ ሳምንታት ከባድ ነገር ማንሣት አይፈቀድላትም። እማዬ ደግሞ ከባድ ነበረች። ስለዚህ እስከ ፋሲካ። ቀጠሮውን ተወችው፤ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ዕጢው ያን ጊዜ አድጎ ነበር። ድምፅን የሚያዝዘው ነርቭ ከዚያ ዕጢ ጀርባ ተጠግቶ ስለሚያልፍ ዕጢው በተለቀ ቁጥር ሥራው ይከብዳል። ድምፅዋ ሻከረ፤ ተመልሶ አልጠራም። ዘማሪ ነበረች። አሁን «ከወንዶቹ መሥመር ልቁም እንዴ?» እያለች ትቀልዳለች፤ አትዘምርም ግን።

ለምን አልነገርሽኝም ብያታለሁ። «ብነግርሽ ትቆዪ ነበር፤ ስትቆዪ ደግሞ ፊትሽ እንዴት እንደሚሆን አውቀዋለሁ» አለች። ሌላ ጊዜ ስለዚያ ሌሊት ላነሣባት ስሞክር ምንም አላስታውስም ብላ ክርር አለች። ከዚያ ዕረፍቴ የምታስታውሰው የማራዲውን ጨርቅ ነው። ሲታጠብ ቀለሙ ለቆ የእማዬን ነጭ ጋቢ አበላሽቷል። እሱን አልረሳችልኝም፤ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ታነሣዋለች።

በጥር 2007 ዓ.ም በፈረንሳይ ጋዜጣ ላይ በወጣ የነቢዩ መሐመድ ሥዕል ምክንያት ኒጀር ውስጥ ሁከት ተነሥቶ በዚንደርና በኒያሜ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በኒያሜ ብቻ 45። እኛ ዘንድ የቆመ ነገር አልተነካም። ሙስሊም ጎረቤቴ ልጆቿን ይዛ፣ ከሰሏን ይዛ መጥታ የግቢዬ በር ላይ ሻይ ስታፈላ ዋለች፤ ማንም አልፏት ሊገባ አልደፈረም። ይህን ታሪክ ብዙ ጉባኤ ላይ ተናግሬዋለሁ፤ ሰው ይወደዋል። ያን ዕለት እህቴ ዜናውን በሬዲዮ ሰምታ፣ መስመር እንቢ እያላት፣ ክፍል ውስጥ እያስተማረች እየወጣች ስትደውል መዋሏን ግን የትም ተናግሬው አላውቅም። እዚያ ያለ ሰው አደጋውን በዓይኑ ስለሚያይ መጠኑን ያውቀዋል፤ ቤት ያለው ሰው የሚያየው የለም።

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይባላል። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት የሄደውን ሰው ፎቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ ቤት የቀረውን ደግሞ በጓዳ በር እንግዳ አስተናግድ ይሉታል። ታሪካችን ግን እንዲህ አላስተማረንም። በጣሊያን ወረራ የውጭ ሚሲዮናውያን በ1929 ዓ.ም ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን 50 አይሞሉም ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 ደርሰው አገኟቸው። ያን ሥራ የሠሩት የቀሩት ናቸው። ዳዊትም ቢሆን አማሌቃውያንን ሲያሳድድ 400 ሰዎች ተከትለውት 200ው ደክመው በቦሦር ወንዝ ከዕቃው ጋር ቀሩ፤ ሲመለስ ምርኮውን እኩል ይካፈሉ ብሎ ሥርዓት አደረገው፤ አንደኛ ሳሙኤል 30 ላይ ነው። ጌታችን ራሱ መስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጥቷል። እኔ ከማቴዎስ 10 ጋር ይህንንም አውቀው ነበር። ያን ሌሊት ለእኔ የሚመቸውን መረጥኩ።

እንግዲህ ልትሄዱ ያሰባችሁ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ እወቁ። «ቤተሰቤ ተስማምቷል» አትበሉ፤ ቤተሰብ የሚባል ሰው አያስታምምም። የሚያስታምም አንድ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ አብዛኛውን ጊዜም ያላገባችው ናት። ከእሷ ጋር ለብቻ ተቀመጡ፤ እናታችሁ በሌለችበት፣ ፓስተሩ በሌለበት። ምን እንደምትተውም ጠይቋት። «ምንም፤ እንዲሁ» ካለቻችሁ እንደገና ጠይቋት።

ለዕረፍት ስትመጡ ፕሮጀክተሩ ይቆይ። የመጀመሪያውን ጊዜ ሌሊቱን ተረከቡና ያቺ ሴት ትተኛ፤ ከቻለችም ከቤት ወጥታ ትሂድ፣ የፈለገችበት። ሪፖርቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ላኪዎቻችሁ ቅር ካላቸው የእኔን ደብዳቤ አንብቡላቸው።

እናንተ ዛሬ ዋትስአፕና ቴሌግራም አላችሁ፤ በየቀኑ ፊት ለፊት ታወራላችሁ፤ ከአገር የወጣችሁ እስከማይመስል። እውነቱን ልናገር፣ አንዳንዴ ይኼ ያናድደኛል፤ ጎረቤት ተቀምጦ እየጠበቃቸው ስልክ ላይ ከሐዋሳ ጋር የሚስቁ ወጣት አገልጋዮች አይቻለሁ፤ በዚህ ዓይነት ቋንቋውን በአሥር ዓመትም አይለምዱትም። በሌላ በኩል ያኔ ቪዲዮ ቢኖረኝ ኖሮ አንገቷን አየው ነበር እላለሁ። ብቻ ይኼም ራስን ማታለል ነው፤ አጠገቤ እያለች አላየሁትም። የቤት ሰው ካሜራውን የሚያዞረው ሊያሳይ ወደሚፈልገው ነው፤ ይዞ የሚያዞረው ራሱ አይታይም። «አንቺን አሳዪኝ» በሏት።

እኔ አሁን ጡረታ ወጥቼ ከእህቴ ጋር አንድ ቤት ነው የምኖረው። በየጉባኤው የምጠራው እኔ ነኝ፤ «እናታችን ሚሲዮናዊቷ» ይሉኛል። እሷን የሚያውቋት ያስተማረቻቸው ልጆች ናቸው፤ ፒያሳ ላይ አብረን ስንሄድ ባንክ ቤት ያለው፣ ፋርማሲ ያለችው፣ የባጃጁ ሹፌር ሳይቀር «ቲቸር!» ብሎ ይቆማል፤ እኔን የሚያውቀኝ የለም። ደስ ይለኛል።

ባለፈው ወር ለአጥቢያችን የሚሲዮን ኮሚቴ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። አንድ ሰው ሲላክ በዚያው እሑድ፣ በዚያው መድረክ፣ ቤት የምትቀረዋ ወይም የሚቀረው ሰውም ተጠርቶ እጅ ይጫንበት፤ በወርኃዊው በጀት ውስጥም ለአስታማሚ የሚሆን አንድ መደብ ይያዝ፤ ቢያንስ ሌሊት የሚያግዝ ሰው ለመቅጠር የሚበቃ። አንዱ ሽማግሌ «እንዲህ ከተጀመረማ የሁሉም እህትና ወንድም ደመወዝ ሊጠይቅ ነው» አሉ። «ይጠይቃ!» አልኳቸው። ተሳቀ፤ ከዚያ በቃለ ጉባኤው ላይ «ይጠና» ተብሎ ተያዘ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን «ይጠና» የተባለ ነገር ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ስለማውቅ ጸሐፊውን በየሳምንቱ እየደወልኩ አሰለችቼዋለሁ። እናንተም በየአጥቢያችሁ ይህንኑ ሐሳብ አስገቡ፤ ማመልከቻችሁን ከመሙላታችሁ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ አንዴ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

ሲስተር
ከሐዋሳ